በራሪና ቀሪ፤ የእንግሊዝ አገር የማዘጋጃ ቤት ምርጫ አቤቱታ ታሪክ

ስለ ምርጫ የተጻፉ የታሪክ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚተርኩት ስለ መራጩና ስለ ተመራጩ ነው። ማን ድምፅ የመስጠት መብት አገኘ፣ በየትኛው ዘመን አገኘ፣ ማንስ አሸነፈ የሚለው በሰፊው ይነገራል። ምርጫው ካለፈ በኋላ «ተበድያለሁ፣ ፍርድ ይሰጠኝ» ብሎ የሚነሣው ሰው ወዴት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚሰማው፣ ምን አስይዞ፣ በስንት ቀን ውስጥና በምን ማስረጃ እንደሚከራከር የሚገልጸው ታሪክ ግን ከሕግ ሰዎች መደርደሪያ ወጥቶ ለሌላው አንባቢ ሲደርስ እምብዛም አይታይም። የመጽሔቱ አዘጋጆች ለዚህ ዕትም ታሪክ ነክ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ ይህን የመረጥሁት፣ ጉዳዩ ለእኛ ለመሐንዲሶች እንግዳ መስሎ ቢታይም በመሠረቱ የመለካት፣ የመመዝገብና የማመሳከር ጉዳይ በመሆኑ ነው።

ለምሳሌነት የተወሰደው የእንግሊዝ አገር የከተማ ምክር ቤቶች ምርጫ ነው። ይህም የዚያ አገር ሰዎች ከሌላው ይልቅ ንጹሓን ስለ ሆኑ አይደለም፤ ዝቅ ብሎ እንደሚታየው ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የተመረጠበት ምክንያት በአነስተኛ የከተማ ምርጫ ላይ የሚነሣ አቤቱታ በዳኛ ፊት ቀርቦ ሲሰማ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ የቆየበት አገር በመሆኑና፣ ክርክሩም በመዝገብ የተቀመጠ በመሆኑ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1835 የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች ሕግ በ178 ከተሞች የነበረውን አሮጌ አስተዳደር ሽሮ፣ ግብር ከፋይ ነዋሪዎች የሚመርጡት ምክር ቤት በየከተማው አቆመ። ከዚያ በፊት በብዙዎቹ ከተሞች የምክር ቤት አባላት እርስ በርሳቸው እየተመራረጡ ወንበሩን ይወራረሱት ነበር እንጂ የሕዝብ ድምፅ የሚባል ነገር አልነበረም። አዲሱ ሕግ ምርጫው የሚካሄድበትን ሥርዓት ሲደነግግ፣ መራጩ የሚመርጣቸውን ሰዎች ስም በወረቀት ጽፎ፣ የራሱንም ስም ፈርሞበት ለአስመራጮቹ እንዲያስረክብ አዘዘ። እንግዲህ አንባቢው ልብ ይበል፤ ወረቀቱ ስምና ፊርማ አለው። ማን ለማን ድምፅ እንደ ሰጠ ምሥጢር አይደለም። አንድ ድምፅ ሐሰተኛ ነው የሚል ሰው ቢነሣ ወረቀቱን አውጥቶ ፈራሚውን መጠየቅ ይቻላል። ከማስረጃ አንጻር ብቻ ከተመለከትነው ከዚህ የተሻለ ሥርዓት አይገኝም። ይሁን እንጂ ያው ፊርማ ለቤት አከራዩ፣ ለአሠሪውና ጉቦ ለሰጠው ሰው ሁሉ የሚታይ ስለ ነበር፣ ድምፁን የሸጠ ሰው ዕቃውን ማስረከቡ የሚረጋገጥበት ደረሰኝ ሆኖ ያገለግል ነበር።

በዚያ ዘመን በከተማ ምርጫ ተበደልሁ የሚል ሰው የነበረው ዋናው መንገድ ከጥንት የወረሱት «ኵዎ ዋራንቶ» የተባለው የክስ ዓይነት ነበር። ቃሉ ላቲን ሲሆን «በምን ሥልጣን?» ማለት ነው። ከሳሹ ለንደን ካለው የንግሥቲቱ ከፍተኛ ችሎት ቀርቦ፣ ወንበሩን የያዘው ሰው በምን ሥልጣን እንደ ያዘው እንዲያስረዳ ይጠየቅልኝ ብሎ ያመለክታል። ክሱ የተፈጠረው የንጉሥን መብት ያለአግባብ የያዙ መኳንንትን ለመጠየቅ ነበርና፣ ለአንድ ትንሽ ከተማ የምክር ቤት ወንበር ሲያውሉት ለዝንብ መድፍ እንደ መተኮስ ያለ ነገር ሆነ። ጊዜ ይፈጃል፤ ገንዘብም ይፈጃል። በዚህ ምክንያት ባለጸጋ ያልሆነ ተበዳይ አቤቱታውን ይዞ ቤቱ ይቀመጥ ነበር።

ነገሩን ወደ ለውጥ የገፋው በሰሜን እንግሊዝ በምትገኘው በበቨርሊ ከተማ የተፈጸመው ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1868 በዚያች ከተማ ሁለት ምርጫዎች በቀናት ልዩነት ተከታትለው ተደረጉ። መጀመሪያ የማዘጋጃ ቤቱ፣ ቀጥሎም የፓርላማው። በፓርላማው ምርጫ ከተወዳደሩት አራት ሰዎች አንዱ ታዋቂው ደራሲ አንቶኒ ትሮሎፕ ሲሆን፣ ያገኘው ድምፅ ከሁሉም ያነሰ ሆነና ተሸነፈ። ውጤቱን በመቃወም አቤቱታ ቀርቦ ጉዳዩ በዳኛ ሲመረመር የተገኘው ብልሃት የሚገርም ነው። የፓርላማ ምርጫ ጉቦ በዓይን የሚታይና የሚያስከስስ በመሆኑ፣ ገንዘቡ አስቀድሞ በማዘጋጃ ቤቱ ምርጫ ቀን በመቶ ለሚቈጠሩ መራጮች ታደለ። በኋለኛው ምርጫ ማንም እጁን ወደ ኪሱ መስደድ አላስፈለገውም፤ ሂሳቡ አስቀድሞ ተከፍሏልና። ዳኛው ሁለቱን ምርጫዎች እንደ አንድ ሥራ ቈጥሮ ውጤቱን ሻረ፤ ከተማይቱም በ1870 በወጣ ሕግ ለፓርላማ እንደራሴ የመላክ መብቷን ተነጠቀች።

የበቨርሊ ጉዳይ ያስተማረው፣ ትንሹ ምርጫ ካልተጠበቀ ትልቁን መጠበቅ ከንቱ መሆኑን ነው። የማዘጋጃ ቤት ምርጫ አነስተኛ በመሆኑ የሚመለከተው የለም፤ የሚመለከተው ስለሌለም ገንዘብ ለመዝራት የተመቸ ማሳ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1869 የተቋቋመው የፓርላማ ኮሚቴ የሁለቱንም ዓይነት ምርጫዎች አካሄድ አብሮ የመረመረው በዚሁ ምክንያት ነው።

እስከ 1868 ድረስ የፓርላማ ምርጫ አቤቱታን የሚያየው ፓርላማው ራሱ ነበር። ይኸውም ተከሳሹ ከዳኛው ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንደ ማለት ነው። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ ሥልጣኑን ከፓርላማው አውጥቶ ለዳኞች ሰጠ። ዳኞቹ ግን በደስታ አልተቀበሉትም። የዘመኑ የዳኞች አለቃ ሰር አሌክሳንደር ኮክበርን ዳኛን ወደ ፖለቲካ ጠብ መጐተት የፍርድ ቤትን ክብር ያጐድፋል በማለት በጽሑፍ ተቃውሞአቸውን አሰምተው ነበር። ተቃውሞው ተቀባይነት አላገኘም፤ ዳኞቹም ሥራውን ጀመሩ። አራት ዓመት ቈይቶ በ1872 በወጣ ሌላ ሕግ ይኸው አሠራር ወደ ማዘጋጃ ቤት ምርጫ ተዛወረ። ልዩነቱ በከተማ ምርጫ ላይ ችሎት የሚቀመጠው የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ሳይሆን፣ ለዚያ ጉዳይ ብቻ የሚሾም ረዥም ልምድ ያለው ጠበቃ መሆኑ ነው። ሰውየው አቤቱታ በቀረበበት ከተማ ነዋሪ እንዳይሆን ሕጉ ይከለክላል። ችሎቱም አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ከተማ ስለሚዋል ምስክር የሚሆነው ነዋሪ ለንደን ድረስ መጓዝ አላስፈለገውም።

በዚያው በ1872 የወጣው ሌላው ሕግ ድምፅ በምሥጢር እንዲሰጥ የደነገገው ነው። ሕጉ መጀመሪያ የተሞከረው በነሐሴ 15 ቀን 1872 በፖንተፍራክት ከተማ በተደረገ የማሟያ ምርጫ ሲሆን፣ የድምፅ ሣጥኖቹ የታሸጉት በከተማው በሚሠራው የታወቀ ጥቁር ከረሜላ ላይ በሚመታው ማኅተም ነበር። ይህን ማንሣቴ ለጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ትልቅ የሚባል የመንግሥት አሠራር ሲጀመር በእጅ በተገኘ መሣሪያ እንደሚጀመር የሥራ ቦታ ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

ከዚህ ላይ ወደ ነገሩ እምብርት እንደርሳለን። ድምፅ ምሥጢር ይሁን ከተባለ አቤት ባይ ምን ያሳያል? ወረቀቱ ስም የሌለው ከሆነ፣ አንድ ጊዜ ሣጥን ከገባ በኋላ እውነተኛው ከሐሰተኛው የሚለይበት መንገድ የለም። የሞተ ሰው ድምፅ «ሰጥቶ» ቢገኝ፣ ድምፁ ለማን እንደ ተቈጠረ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ምሥጢሩ ሙሉ ከሆነ አቤቱታው ባዶ ይሆናል፤ አቤቱታው ሙሉ ከሆነ ደግሞ ምሥጢሩ ይፈርሳል። የሕጉ አርቃቂዎች ለዚህ ያገኙት መፍትሔ ማንኛውም የገንዘብ ሰብሳቢ የሚያውቀውን የደረሰኝ ጥራዝ አሠራር ነው፤ በራሪና ቀሪ። እያንዳንዱ የድምፅ መስጫ ወረቀት በጀርባው ተራ ቍጥር አለው። ያው ቍጥር በጥራዙ ላይ በሚቀረው ጉራጅ ላይ ይገኛል። ጸሐፊው ወረቀቱን ገንጥሎ ለመራጩ ሲሰጥ፣ መራጩ በመዝገብ ላይ ያለውን ቍጥር በቀሪው ላይ ይጽፋል። በራሪው ከሣጥን ይገባል፤ ቀሪው ለብቻው ይታሸጋል። ሁለቱ ዳግመኛ የሚገናኙት ፍርድ ቤት ሲያዝ ብቻ ነው። በዚያን ጊዜም ቢሆን አስቀድሞ ድምፁ በሕግ የማይጸና መሆኑ ተረጋግጦ ካልተወሰነ በቀር፣ መራጩ ማንን እንደ መረጠ ገልጦ ማየት አይፈቀድም።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ ሌላ ዘዴ አለ። መራጩ ከጣቢያው ሲደርስ በስሙ ሌላ ሰው ድምፅ ሰጥቶበት ቢያገኝ፣ ተመለስ ተብሎ አይሰደድም። ጥያቄዎች ቀርበውለት ከመለሰ በኋላ ቀለሙ የተለየ ወረቀት ይሰጠዋል። የዚህ ወረቀት ድምፅ ከሣጥን አይገባም፣ ከቈጠራም አይገባም፤ በፖስታ ታሽጎ ይቀመጣል። አቤቱታ ካልቀረበ እንደ ታሸገ ጊዜው ሲደርስ ይወገዳል። አቤቱታ ከቀረበ ግን ዳኛው ሐሰተኛውን በራሪ በቀሪው ቍጥር ፈልጎ ሲያወጣ፣ ይህን በቦታው ይተካዋል። በእኔ አስተያየት ይህች ባለ ቀለም ወረቀት ከሕጉ አንቀጾች ሁሉ የበለጠ ብልኅነት የታየባት ናት፤ በደሉን በተፈጸመበት ሰዓትና ቦታ መዝግባ ታስቀምጠዋለችና። በጨረታ ሥራ የቈየ ማንኛውም መሐንዲስ፣ ሣጥኑ ሲከፈት በቃለ ጉባኤ ያልተያዘ ቅሬታ ከወር በኋላ ምን ዋጋ እንዳለው አይጠፋውም።

ምሥጢሩ ሙሉ አይደለም፣ መንግሥት ከፈለገ ሊያየው ይችላል እያሉ የተቃወሙ ሰዎች በየዘመኑ ነበሩ፤ ተቃውሞአቸውም መሠረተ ቢስ አይባልም። ያም ሆኖ አሠራሩ እስከ 2006 ድረስ ቆየ። በዚያ ዓመት በወጣ ሕግ በጥራዙ ላይ የሚቀረው ጉራጅ ቀርቶ ቍጥሮቹ በአንድ ዝርዝር ላይ እንዲመዘገቡ ተደረገ እንጂ፣ በቍጥር የማመሳከሩ አሳብ አልተተወም።

በዚህ ረገድ የእኛ አገር ሕግ የተለየ መንገድ ይከተላል። በ1999 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 532 እና በኋላ እርሱን በተካው በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 1162 መሠረት (ሁለቱም በኢትዮጵያ አቆጣጠር) አቤቱታ የሚጀምረው ከምርጫ ጣቢያው ሲሆን፣ ከዚያ ደረጃ በደረጃ እየወጣ እስከ ፍርድ ቤት ይደርሳል። ቈጠራው የሚካሄደው በጣቢያው ነው፤ ውጤቱም በጣቢያው ይለጠፋል። በእንግሊዝ አገር ግን ከየጣቢያው የመጡት ሣጥኖች በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው ይከፈታሉ፤ የአንዱ ሣጥን ወረቀት ከሌላው ጋር ሳይደባለቅ እንዳይቈጠርም ደንቡ ያዝዛል። ይህ የተደረገው የአንዲት መንደር ሰዎች ማንን እንደ መረጡ ታውቆ እንዳይበቀሏቸው ነው። ነገር ግን በቅየሳ ቋንቋ ብናስቀምጠው፣ መካከለኛ የመቈጣጠሪያ ነጥብ የሌለው ረዥም የልኬት መስመር ይሆናል። መጨረሻ ላይ ስሕተት መኖሩ ቢታወቅም ከየት ላይ እንደ ገባ መስመሩ አይናገርም። ያንን ጉድለት የሚሞላው ያው ተራ ቍጥር ነው። የእኛው ደግሞ ቍጥሩን ሳይሻ የጣቢያውን ቅጽና በላዩ ላይ የሚፈርሙትን ሰዎች ይተማመናል። እንግዲህ የቅጹ ፊርማ ከጠፋ ወይም ታዛቢው ከጣቢያው ከተባረረ አቤት ባዩ የሚይዘው ነገር ምን ያህል እንደሚሳሳ መገመት አያስቸግርም።

ወደ ሥነ ሥርዓቱ እንመለስ። ከ1872 ጀምሮ በ1882 በተሻሻለው ሕግም፣ ዛሬ በሥራ ላይ ባለው በ1983ቱ ሕግም እንዳለ የዘለቀው ደንብ ባጭሩ የሚከተለው ነው። በከተማ ምርጫ ላይ አቤቱታ ማቅረብ የሚችለው ተወዳዳሪ የነበረ አንድ ሰው ወይም የመምረጥ መብት ያላቸው አራት ሰዎች በኅብረት ናቸው። አቤቱታው ከምርጫው በኋላ በ21 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። አቤት ባዩ ለወጪ መክፈያ የሚሆን ማስያዣ ያቀርባል፤ መጠኑ በ1882 ሕግ እስከ 500 ፓውንድ ሲሆን፣ በ1983ቱ ሕግ ለከተማ ምርጫ እስከ 2,500 ፓውንድ ነው። የምርጫው ኃላፊ ውጤቱን ካወጀ በኋላ የቍጥር ስሕተት መኖሩን ራሱ ቢያገኝ እንኳ በገዛ እጁ ሊያርመው አይችልም፤ ሌላ ሰው አቤት እስኪል መጠበቅ አለበት።

ማስያዣ መጠየቁ ለእኛ እንግዳ አይሆንም። በቀድሞው የአገራችን ሙግት ተሟጋች ዋስ ሳይጠራ ነገር አይጀምርም ነበር። ልዩነቱ ያኛው ዋስ ሰው ሲሆን ይኸኛው ገንዘብ መሆኑ ነው፤ ሰው ዘመድ ካለው ዋስ ያገኛል፣ ገንዘብ ግን ያለው ብቻ ነው የሚያስይዘው። የቀኑም ገደብ ቢሆን ለመሐንዲስ አያስደንቅም። በ1999ኙ የፊዲክ ውል ተጨማሪ ክፍያ ወይም ጊዜ እጠይቃለሁ የሚል ተቋራጭ በ28 ቀን ውስጥ ካላስታወቀ መብቱን ያጣል። ዳሩ ግን ተቋራጩ ድርጅት ነው፤ የውል ሠራተኛና ጠበቃ አለው። አራቱ ነዋሪዎች ግን ማታ ከሥራ ሲመለሱ በአንዱ ቤት ተሰብስበው ወረቀት የሚያገላብጡ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሁለት የከተማ ምርጫ አቤቱታዎች እስከ ይግባኝ ፍርድ ቤት ደርሰው ውድቅ ሆኑ። ምክንያቱ ክሱ ሐሰት ሆኖ አልነበረም፤ ጭብጡ አልተሰማምም። ስለ ማስያዣው መጠን የሚገልጸው ማስታወቂያ በአምስት ቀን ውስጥ ለመልስ ሰጪዎቹ አልደረሰም ተብሎ ነው። ዳኞቹ ጊዜውን የማራዘም ሥልጣን የለንም አሉ። የምርጫ ውጤት ለረዥም ጊዜ ተንጠልጥሎ መቈየት የለበትም የሚለው ምክንያት ይገባኛል፤ ከተማ ያለ አስተዳደር አይኖርም። ነገር ግን የአምስት ቀን ማስታወቂያ ከአንድ ከተማ ሕዝብ ድምፅ በልጦ ሲገኝ ሚዛኑ የት ላይ እንደ ተዛባ መጠየቅ ይገባል።

ጭብጡ የተሰማበትን አንድ ጉዳይ ደግሞ እንይ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 1973 ለታላቋ ለንደን ምክር ቤት በተደረገው ምርጫ፣ በሰሜን ምሥራቅ ክሮይደን 23,691 ሰዎች ድምፅ ሰጡ። አሸናፊው የበለጠው በ11 ድምፅ ብቻ ነበር። በዚያን ጊዜ ደንብ የጣቢያው ጸሐፊ እያንዳንዱን ወረቀት ለመራጩ ሲሰጥ በመምቻ መሣሪያ ማኅተም ያደርግበታል፤ ማኅተም የሌለው ወረቀት አይቈጠርም። በየጣቢያው ጸሐፊዎቹ ሳያትሙ የሰጧቸው 44 ወረቀቶች ተገኙና ከቈጠራ ውጭ ሆኑ። እነዚያ ቢቈጠሩ ኖሮ የተሸነፈው ወገን በ7 ድምፅ ያሸንፍ ነበር። የመጀመሪያው ችሎት ስሕተቱ ከጠቅላላው ሲታይ ጥቂት ነው፣ ምርጫው በአብዛኛው በሕግ መሠረት ተካሂዷል በማለት አቤቱታውን ሳይቀበለው ቀረ። ይግባኝ ተባለ። በ1974 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ሰብሳቢ የነበሩት ሎርድ ዴኒንግ ከሁለት ዳኞች ጋር ሆነው ውሳኔውን ገለበጡት፤ ምርጫውም ተሻረ።

የፍርዱ ምክንያት መሐንዲስ ቢጽፈው ከዚህ ብዙ አይለይም ነበር። አርባ አራት ወረቀት ከ23,691 ሲነጻጸር ከመቶ 0.19 ያህል ነው፤ ይህን ያህል ስሕተት በየትኛውም የመስክ ልኬት ላይ ቢገኝ ማንም አይቈጣም። ነገር ግን የሁለቱ ተወዳዳሪዎች ልዩነት ራሱ ከመቶ 0.05 አይሞላም። ልኬቱ የተፈለገው ያችን ጠባብ ልዩነት ለማወቅ ከሆነ፣ ስሕተቱ የሚመዘነው ከጠቅላላው ሳይሆን ከልዩነቱ ጋር ነው። ፍርድ ቤቱም እንዲህ ለየው፤ ምርጫው ከሥር መሠረቱ ከሕግ ውጭ ተካሂዶ ከሆነ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ይሻራል። ለዚህ ምሳሌ የተጠቀሰው በ1874 በሃክኒ የሆነው ነው፤ በዚያ ከነበሩት 19 ጣቢያዎች ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ተዘግተው ውለው 5,000 ያህል መራጮች ድምፅ ሳይሰጡ ቀርተዋል። ምርጫው በጥቅሉ ደኅና ቢሆንና ስሕተቱ ውጤቱን ካልለወጠ ይጸናል። በጥቅሉ ደኅና ሆኖ ስሕተቱ ውጤቱን ከለወጠ ግን፣ የማንም ተንኰል ባይኖርበትም ይሻራል። ይህ መለኪያ ከዚያ ወዲህ በቀረቡት አቤቱታዎች ሁሉ ሲጠቀስ ቈይቷል።

የክሮይደኑ ጸሐፊዎች የዘነጉ እንጂ የሰረቁ አልነበሩም። ሠላሳ ዓመት ቈይቶ በበርሚንግሃም የታየው ግን ሌላ ነው። በ2000 በወጣ ሕግ ማንም መራጭ ምክንያት ሳይሰጥ ድምፁን በፖስታ ለመላክ እንዲችል ተፈቀደ። ዓላማው የመራጩን ቍጥር ለማብዛት ነበር። በዚህም በራሪው ከጣቢያው ጠረጴዛ ወጥቶ ወደ ሰዎች ደጃፍ ሄደ፤ በመካከል ማን እንደ ያዘው የሚያይ ዓይን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 2004 በተደረገው የከተማ ምርጫ በአስተንና በቦርድስሊ ግሪን ቀበናዎች የተመረጡት ስድስት የምክር ቤት አባላት ላይ ሁለት አቤቱታዎች ቀረቡ። በክርክሩ ከተሰሙት ነገሮች አንዱ፣ ከምርጫው አስቀድሞ በሌሊት ፖሊስ በአንድ መጋዘን ውስጥ በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በፖስታ የሚላኩ የድምፅ ወረቀቶች የሚያገላብጡ ሰዎች ማግኘቱ ነው። ጉዳዩን እንዲያይ የተሾመው ጠበቃ ሪቻርድ ሞሪ በሚያዝያ 4 ቀን 2005 በሰጠው ፍርድ የሁለቱንም አካባቢዎች ምርጫ ሻረ፤ ማጭበርበሩም ሥርዓት የለሽ ተብለው የሚናቁ መንግሥታትን እንኳ የሚያሳፍር ነው አለ። ከስድስቱ በአንዱ ላይ የተሰጠው የጥፋተኝነት ውሳኔ ግን በይግባኝ ተሰርዟል። ይህንንም መጥቀስ ተገቢ ነው፤ ከሳሽ እንዳለ ሁሉ ያለአግባብ የተነካ ተከሳሽም አለና። በፖስታ ድምፅ የሚሰጥ ሰው ፊርማውንና የልደት ቀኑን እንዲያስመዘግብና ሁለቱም እንዲመሳከሩ ያዘዘው ደንብ የወጣው ከዚህ በኋላ በ2006 ነው።

ያው ዳኛ ከአሥር ዓመት በኋላ በምሥራቅ ለንደን በታወር ሃምሌትስ ጉዳይ ተሰየመ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 22 ቀን 2014 በተደረገው ምርጫ ሉትፉር ራህማን ለሁለተኛ ጊዜ ከንቲባ ሆነው ተመረጡ። አራት የአካባቢው ነዋሪዎች አቤቱታ አቀረቡ። ክሱ በሌላ ሰው ስም ድምፅ መስጠትን፣ በፖስታ ድምፅ ማጭበርበርን፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ካዝና ለማኅበራት በተሰጠ ድጐማ ድምፅ መግዛትን፣ ስለ ተፎካካሪ ሐሰት መናገርንና በሃይማኖት ስም መራጭን ማስገደድን ይጨምራል። የመጨረሻው ክስ የቈመበት ሕግ የተጻፈው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የአየርላንድ ቀሳውስት በምዕመናኖቻቸው ላይ ያሳድሩታል የተባለውን ጫና ለመከላከል ሲሆን፣ ዳኛው በ1892 በሚዝ የተሰጠውን ፍርድ ጠቅሶ ለእስላም የሃይማኖት መሪዎች ደብዳቤ አዋለው። በዚህ ነጥብ ላይ ፍርዱ ብዙ ተነቅፏል፤ ነቀፌታውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የአንድ መንፈሳዊ መሪ ምክር የት ላይ አብቅቶ ማስገደድ የት ላይ እንደሚጀምር የሚለካ መሣሪያ የለም። ከንቲባው ክሱን ሁሉ ክደዋል። በሚያዝያ 23 ቀን 2015 በተሰጠውና 200 ገጽ ያህል በሆነው ፍርድ ግን ምርጫው ተሻረ፤ ከንቲባው ለአምስት ዓመት እንዳይወዳደሩና ለጊዜው 250,000 ፓውንድ የክርክር ወጪ እንዲከፍሉ ታዘዙ።

የአራቱን ነዋሪዎች አኳኋን ማሰብ ያስፈልጋል። ክሱ የተሰማው ለስድስት ሳምንት ያህል ነው። የምርጫ ችሎት በባሕርዩ የፍትሐ ብሔር ቢሆንም፣ የማጭበርበር ክስ የሚረጋገጠው እንደ ወንጀል ያለጥርጥር ነው። ቢሸነፉ ኖሮ የከንቲባውን የጠበቆች ወጪ ከኪሳቸው ይከፍሉ ነበር፤ ያ ማለት ለአብዛኛው ሰው ቤቱን መሸጥ ማለት ነው። ከጎናቸው የመንግሥት ዐቃቤ ሕግ አልነበረም፤ ፖሊስም ከንቲባውን በወንጀል ለመክሰስ በቂ ማስረጃ የለም ብሏል። ካሸነፉም በኋላ ከንቲባው መክሰራቸው በፍርድ ቤት ስለ ታወጀ፣ የተፈረደላቸውን ወጪ ለማግኘት ከሳሾቹ ስለ አንድ ቤት ባለቤትነት ሌላ ረዥም ሙግት ውስጥ ገቡ። የሕዝብ የሆነ ጥቅም በግል ሰው ዕዳ ተጠበቀ ማለት ነው። ከ1872 ጀምሮ የድምፅ ወረቀቱን ተከታትሎ የማግኘቱ ጥያቄ መልስ ሲያገኝ፣ አቤት ባዩ በምን አቅም ይህን መንገድ ይሄዳል የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም።

የአገሪቱ የሕግ ኮሚሽን በመጋቢት ወር 2020 ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት ይህንኑ አንሥቶ፣ የአቤቱታው ሥነ ሥርዓት እንዲቃለልና ከተራው የፍርድ ቤት አሠራር ጋር እንዲዋሐድ፣ የምርጫው ኃላፊም ስሕተት ሲያገኝ ራሱ ለፍርድ ቤት ማመልከት እንዲችል ሐሳብ አቀረበ። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው የ2022 የምርጫ ሕግ ግን ክብደቱን የጣለው በሌላ በኩል ነው። መራጭ በጣቢያው ፎቶግራፍ ያለበት መታወቂያ እንዲያሳይ አዘዘ፤ ይህም በግንቦት 2023 በተደረጉት የእንግሊዝ የከተማ ምርጫዎች ተጀመረ። ስለ ማስገደድ የሚናገረውንም የቀድሞ አንቀጽ እንደ አዲስ ጻፈው። ራህማን የአምስት ዓመቱ እገዳ ካለፈ በኋላ በግንቦት 2022 ተወዳድረው ያንኑ የከንቲባነት ወንበር መልሰው አገኙ። የ21 ቀኑ ገደብ፣ የአራቱ ሰዎች ፊርማና የማስያዣው ደንብ ግን ከበፊቱ ቦታቸው አልተነቃነቁም።